የከድጄ እጅና የጣሳው ቅባት

ዓለምዘውድ ቅባት የምታወጣበትን ጠፍጣፋ የብረት ማንኪያ በቀን አራት ጊዜ ትቀቅለው ነበር፤ ጠዋት ሥራ ስትጀምር፣ ረፋድ ላይ፣ ከምሳ መልስና ክሊኒኩ ሊዘጋ ሲል። ቀቅላ ስትጨርስ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ክዳን ባለው ሣህን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። አንድ ቀን የክሊኒኩ ዘበኛ ሻዩን ሊያማስልበት ቢያነሣው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላምታውን ሳትመልስለት ቀረች። እንግዲህ በዚህች ሴት ላይ ነው፣ በ1963 ዓ.ም. ጥር ወር፣ «ማንኪያዋን ሳታጥብ ሁለት መድኃኒት አደባልቃ ሕፃናት አቃጠለች» ተብሎ የተጻፈው። ነገሩን ባሰብሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ግን ተናድዶ መጮኽ ምንም አያስረዳም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምርና የሆነውን ደረጃ በደረጃ ላሳያችሁ።

ዓለምዘውድ የወልቂጤ ልጅ ናት። አባቷ ከመንዝ መጥተው ወልቂጤ ስልክ ቤት የተቀጠሩ ስልከኛ ነበሩ። ማን ከየት እንደደወለ፣ ስንት ደቂቃ እንዳወራ፣ መስመሩ መቼ እንደተቋረጠ፣ ሁሉንም በትልቅ ደብተር ይመዘግባሉ። ልጅቱ ከእርሳቸው የወረሰችው ይህን የመመዝገብ ልማድ ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ አዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል ዓመት ከመንፈቅ ረዳት ነርስነት ተማረችና በ1961 ዓ.ም. ቡታጅራ ተመደበች። ሕዝቡ «ሲስተር» ይላታል። መጀመሪያ ሰሞን «እኔ ረዳት ነርስ ነኝ እንጂ ሲስተር አይደለሁም» እያለች ታርም ነበር። ማንም አልሰማትምና ተወችው።

ክሊኒኩ ከገበያው በላይ በኩል የተሠራ ባለ ሦስት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው። አንዱ የካርድና የመርፌ ክፍል፣ አንዱ የኃላፊው የአቶ ያረጋል ቢሮ፣ ሦስተኛው የዓለምዘውድ የቁስል ማጠቢያ ክፍል። በእርሷ ክፍል መደርደሪያ ላይ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንደኛው በጣሳ የሚመጣ ቢጫ ቅባት፣ ቴትራሳይክሊን የሚባለው፣ የቆዳ ቁስልን የሚያመረቅዘውን ተሕዋስ የሚገድል ነው። ሁለተኛው ለወገብና ለጉልበት ሕመም የሚታሽ፣ ሲነካ የሚያቃጥል ነጭ ቅባት ነው። ይህን ጉርብትና ያዙልኝ፤ ክሱ የተወለደው ከእሱ ነው።

አሁን ስለ በሽታው ትንሽ እንነጋገር፤ ይህን ሳታውቁ የዓለምዘውድን ሥራ ልትወዱላት አትችሉምና። ሰዉ ችፌ የሚለው ቁስል በሕፃናት አፍና አፍንጫ ዙሪያ ይጀምራል። ትንሽ ውሃ ትቋጥራለች፣ ትፈነዳለች፣ ፈሳሹ ሲደርቅ ማር የተንጠባጠበበት የሚመስል ቢጫ ቅርፊት ይሠራል። ልጁ ያክከዋል። ያከከበት ጥፍር ወደ ጉንጩ፣ ከጉንጩ ወደ ክንዱ ያሻግረዋል፤ አብረው የሚጠቀሙበት ፎጣ ደግሞ ወደ ታናሹ ያደርሰዋል። ቅባቱ ይህን ያጠፋል። ግን ቅባቱን በቅርፊቱ ላይ መቀባት በተቆለፈ በር ላይ ደብዳቤ እንደ መለጠፍ ነው፤ የሚፈለገው ሰው ውስጥ ነው ያለው፣ አያነበውም። ዓለምዘውድ መጀመሪያ ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አሥር ደቂቃ ታሳርፋለች። ቅርፊቱ ይርሳል፣ ሳይታገሉት ይነሣል። ከዚያ በሳሙና ታጥበዋለች፣ ሳትፈትግ ታደርቀዋለች፣ ቅባቱን ቆዳው ትንሽ እስኪያበራ ብቻ ስስ አድርጋ ትቀባዋለች። ለእናትየው የሚበቃትን በሰም ወረቀት አጥፋ ትሰጣታለች። «በቀን ሦስት ጊዜ። ሰባት ቀን ሙሉ። በሦስተኛው ቀን የዳነ ቢመስልሽ እንዳታቋርጪ። ጥፍሯን ቁረጪላት። ጨርቋን ለብቻ አድርጊላት። ከመቀባትሽ በፊትና በኋላ እጅሽን በውሃ በደንብ ታጠቢ።»

ይህን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትለውጥ ተናግራዋለች። ሳሙና በየቤቱ ስለሌለ «በውሃ» ትላለች። በእሱ አንድ ቃል ምክንያት ነው ኋላ ራሷን ይቅር ለማለት ያቃታት።

በጥር አጋማሽ ከድጄ የምትባል ሴት የአራት ዓመት ልጇን ኡሚን በጀርባዋ አዝላ ክሊኒኩ በር ላይ ቆመች። ኡሚ ከሦስት ቀን በፊት ታጥባ፣ ተቀብታ፣ ቅባት ተሰጥቷት የሄደች ናት። አሁን ከአፍንጫዋ ሥር የነበረው ቁስል አገጯ ድረስ ወርዷል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሲስተር። ቅባትሽን መልሼልሻለሁ» አለችና የታጠፈውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ምን ሆነ?»

«ይፈጃል።»

«ይሄ ቅባት አይፈጅም፣ ከድጄ።»

«እንግዲያው ለኡሚ ንገሪያት! ስቀባት ጎረቤት ይሰበሰባል። ትናንት ከአልጋ ሥር ገብታ እምቢ አለች። ባሌ ‹ልጄን ምን እያደረግሻት ነው› ይለኛል።»

ዓለምዘውድ ኡሚን አስቀመጠቻት፣ ቅርፊቱን አራሰች፣ አጠበች፣ ከዚያው ከመጣው ወረቀት ላይ በማንኪያዋ ቅባት ወስዳ ቀባቻት። ኡሚ ሳታለቅስ የጣሪያውን ቆርቆሮ ታያለች።

«አየሽ?»

«አየሁ» አለች ከድጄ፣ ግራ እንደገባት። «እዚህ አይፈጅም፣ ቤት ይፈጃል። ቤቴን ነው እንዴ የሚጠላው?»

ሳምንቱ ሳያልቅ እንዲህ የሚሉ እናቶች ዘጠኝ ሆኑ። ግማሾቹ ቅባቱን ጥለውታል። ቁስሉ ግን አልጠበቃቸውም፤ ከልጅ ወደ ልጅ እየዞረ ነው።

ወሬው አቶ ያረጋል ጆሮ ደረሰ። አቶ ያረጋል ሃያ ዓመት በድሬሰርነት፣ ማለትም ቁስል በማጠብና መርፌ በመውጋት፣ የሠሩ ናቸው፤ መርፌ ሲወጉ እጃቸው አይንቀጠቀጥም፣ ይህን አልክድባቸውም። ወደ ቁስል ማጠቢያው ክፍል ገቡና መደርደሪያውን ቆመው ተመለከቱ።

«ገባኝ» አሉ። «የወገብ ማሻውን በዚችው ማንኪያ ጨልፈሽ፣ ሳታጥቢ ቢጫው ጣሳ ውስጥ ከተሻት።»

«እኔ?»

«ማን ይሁን ታዲያ? የመደርደሪያው ቁልፍ ያለው አንቺ ዘንድ ነው።»

«አቶ ያረጋል፣ እዚህ ስቀባቸው አንድም ልጅ አላለቀሰም። ጣሳው ውስጥ ቢሆን ኖሮ እዚህም ያቃጥል ነበር። ከእናቶቹ አንዷን ጠይቀዋል?»

«ምን ብዬ?»

«ቤት ሄደው እንዴት እንደሚቀቡ።»

«እንዴት ይቀባሉ? በቆሻሻ እጃቸው ነዋ! እነዚህ ሰዎች መቼ ይታጠባሉ?»

እስቲ ይህን አስተውሉ። ሰውዬው በአንድ ትንፋሽ ሁለት ጥፋተኛ አገኙ። ማንኪያው ከሆነ እናቶቹ ንጹሕ ናቸው፤ እናቶቹ ከሆኑ ማንኪያው ንጹሕ ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ መክሰስ የሚችለው፣ የሆነውን ለማወቅ ሳይሆን ጥፋቱን ከራሱ ላይ ለማውረድ የቸኮለ ሰው ብቻ ነው። ደብዳቤው በዚያው ቀን ተጻፈ። ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ እንዲመጣ፣ እስኪመጣም የመድኃኒት ቁልፉ ከእርሷ እንዲወሰድ፣ ጥፋቱ ከተረጋገጠ ከሥራ እንድትሰናበት። ተቆጣጣሪው በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ እንደሚመጡ በስልክ ተነገረ። ዓለምዘውድ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጣሳዋ ቅባት ለማውጣት አቶ ያረጋልን ማስፈቀድ ነበረባት። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ከዚህ ሙያ ሌላ የምታውቀው ነገር የላትም።

ታዲያ ምን አደረገች? አላለቀሰችም አልልም። ግን አለቀሰችና ደብተሯን አወጣች። አቤት ይህን ክፍል ስወደው! የከሳሾቿን ስም ሳይሆን የልጆቹን ስም ጻፈች። ማን አለቀሰ፣ ማን አላለቀሰም፣ ማን ቀባው። በሁለት ቀን ውስጥ ሃያ ሁለት ቤተሰብ ጠየቀች። አሥራ አራት ልጆች አልቅሰዋል፣ ስምንቱ አላለቀሱም። ካላለቀሱት አንዱን የሚቀባው አባቱ ነው፣ የቡኢ መንገድ ሾፌር። ሌላዋን አያቷ፣ እግራቸው የማይሄድላቸው ሽማግሌ። ደግሞ ወደ ኋላ ገልጣ አየች፤ ባለፈው ክረምት ከስድሳ በላይ ልጆች ይህንኑ ቅባት ወስደዋል፣ አንድም እናት «ፈጀ» አላለችም። ጣሳው ያው፣ ማንኪያው ያው፣ ማንኪያውን የያዘችውም ያችው።

ቀጥሎ ልጆቻቸው ያለቀሱባቸውን እናቶች ቤታቸው ሄዳ ልታይ ፈለገች። «ቀን ቀን የት ነው የማገኝሽ?» አለች የመጀመሪያዋን።

«ሽፋ መጋዘን።»

ሁለተኛዋም «ሽፋ መጋዘን» አለች። ሦስተኛዋም። አሥራ አራቱም።

ሽፋ ወደ እንሴኖ በሚወስደው መውጫ ላይ መጋዘን ያለው የበርበሬ ነጋዴ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ከመስቃን ገጠር በጋሪ የሚመጣው ዛላ በርበሬ እዚያ ይከመራል። ሴቶች በመስመር ተቀምጠው ከጠዋት እስከ ማታ የዛላውን ጭራ ይቀነጥሳሉ። ዓለምዘውድ በሩን ስትከፍት አፍንጫዋን ማን እንደመታት አላወቀችም። ሳል ያዛት፣ ዓይኗ ፈሰሰ። ሽፋ ከጆንያ ላይ ተነሣ።

«ሲስተር፣ ክትባት ከሆነ እኔ ተከትቤአለሁ፤ ሴቶቹን ያዢ!»

ሴቶቹ በነጠላ በተሸፈነ አፋቸው ሳቁ። «የሳል መድኃኒት የላትም እንዴ?» አለች አንዷ። «ለራሷ አላመጣችም፣ ለኛ ልታመጣ!» አለች ሌላዋ።

ዓለምዘውድ እያሳለች አብራቸው ሳቀች። ከዚያ እጆቹን አየች። ሃያ ሴት፣ አርባ እጅ፣ ጣቶቻቸው እስከ ጥፍራቸው ሥር ድረስ ቀይ። አንድ ነገር ጠረጠረች፤ ግን መጠርጠርና ማወቅ አንድ እንዳልሆነ ታውቃለች። ማምሻውን ከድጄ ከሥራ ስትወጣ አብራት ቤቷ ሄደች።

ከድጄ በሩ ላይ እንደደረሰች ማንም ሳያዛት ውሃ አስቀዳችና እጇን ታጠበች። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ሦስት ጊዜ። በጥፍሮቿ ሥር ሳይቀር እየፈተገች። ከዚያ በነጭ ጨርቅ አደረቀችና ጨርቁን ለዓለምዘውድ ዘርግታ አሳየቻት፤ ቀለም የለውም። «አይታጠቡም» የተባሉት እነዚህ ናቸው! ስንት የቢሮ ሰው ነው ምሳ ሊበላ ሲል እጁን እንዲህ የሚታጠብ?

«አሁን እንደምትቀቢያት ቀቢያት» አለች ዓለምዘውድ።

ኡሚ ቅባቱን ስታይ መነጫነጭ ጀመረች። ከድጄ በጣቷ ወስዳ ከከንፈሯ በላይ ቀባቻት። ልጅቱ ዓይኗን አንድ ሁለቴ አርገበገበች። ከዚያ ቤቱን የሚሰነጥቅ ጩኸት። ዓለምዘውድ ከልጅቱ ፊት ላይ በትንሿ ጣቷ ጥቂት ጠረገችና የራሷን ከንፈር ነካች። አቃጠላት። ከወረቀቱ ላይ ሌላ ወስዳ በሌላው ከንፈሯ ላይ አደረገች። ምንም። ኡሚን ቶሎ በሳሙና አጥባ፣ በራሷ ጣት አዲስ ቅባት ቀባቻት፤ ልጅቱ እየተንሰቀሰቀች ጩኸቷን ተወች።

«በርበሬው ነው፣ ከድጄ። እጅሽ ላይ ያለው።»

ከድጄ ተቆጣች። «ታጥቤአለሁ! ዓይንሽ አላየም?»

«አይቷል።»

«በዚህ እጄ ፊቷን አጥባታለሁ። በዚህ እጄ አጎርሳታለሁ። ወላሂ አንድ ቀን አላለቀሰችም። የምታለቅሰው ቅባቱን ስነካ ነው። እጄ ከሆነ ሁልጊዜ አይፈጃትም ነበር?»

ጥሩ ጥያቄ ነው! ከአዲስ አበባ የሚመጡት ተቆጣጣሪም፣ አቶ ያረጋልም ያላሰቡት ጥያቄ ነው። ዓለምዘውድ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የልጆቹን ዝርዝር እንደገና አየች። ከድጄ ልጇን እያባበለች ምድጃው ላይ የነበረውን ድስት ከፈተች፤ ወጡ ሊወጣ ደርሷል። ከላይ ዘይቱ ቀይ ሆኖ ተንሳፏል።

«ለምንድነው ቀዩ ላይ ላዩ ብቻ ያለው?» አለች ዓለምዘውድ፣ ድንገት።

ከድጄ ሞኝ እንደሆነች ቆጥራ አየቻት። «ሲስተር፣ ወጥ አትሠሪም እንዴ? በርበሬን የሚያወጣው ዘይት ነዋ። በውሃ ብቻ ብትቀቅዪው እንደ ቅጠል ነው። ዘይቱ ነው ቀለሙንም መፋጀቱንም የሚጠጣው። ይሄን የማያውቅ ምን ወጥ...» ብላ ጀመረችና አፏ ተከፍቶ ቀረ። እጇን ገልብጣ አየችው። ከዚያ ወረቀቱን።

«ቅባቱ» አለች።

«ቅባቱ ዘይት ነው» አለች ዓለምዘውድ።

ሁለቱ ሴቶች እዚያው ሁለት ሲኒ አቀረቡ። በአንዱ ውሃ፣ በአንዱ የኑግ ዘይት። ከድጄ የአንድ እጇን ጣቶች በውሃው፣ የሌላውን በዘይቱ ውስጥ ነክራ አሸች። ዓለምዘውድ ሁለቱንም በምላሷ ጫፍ ቀመሰች። ውሃው ውሃ ነው። ዘይቱ ግን ዓይኗን አስለቀሳት። እንግዲህ ይኸው ነው ነገሩ፣ ሲገባችሁ አይጥማችሁም? የበርበሬው መፋጀት በቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ውሃ አይነካውም፣ ደረቅ እጅም ብዙ አያስተላልፈውም። ቅባት ሲነካው ግን ከቆዳው መጥጦ ያወጣዋል፤ ያወጣውንም ቆዳው በተላጠ ቁስል ላይ ያስቀምጠዋል። የከድጄ እጅ ለዓመታት ስለለመደ አይሰማትም። የኡሚ ከንፈር ግን አልለመደም።

የዚያን ዕለት ዓለምዘውድ ደብተሯ ላይ የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ነው። «እናቶቹ ያልኋቸውን አድርገዋል። ያልኋቸው አልበቃም።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተቆጣጣሪው አቶ ካሳሁን ከአውቶቡስ ወረዱ። ካፖርታቸውን አራግፈው፣ ገበያው አጠገብ ጢማቸውን ተላጭተው፣ አገጫቸው ላይ ትንሽ ተቆርጠው መጡ። ዓለምዘውድ ከድጄን ከመጋዘኑ አስጠርታ አቆይታታለች።

«ጣሳው ይኸው ነው» አለች። ቁልፉን የያዙት አቶ ያረጋል ከፈቱ። ከጣሳው ወስዳ የራሷን ከንፈር ቀባች። «እርስዎም ከፈቀዱ።»

አቶ ካሳሁን በማንኪያው የተሰጣቸውን በተቆረጠው አገጫቸው ላይ አደረጉ። ጠበቁ። «ምንም የለውም» አሉ።

«አሁን ይህች እናት እጇን ትታጠባለች። ውሃውን አቶ ያረጋል ያፍስሱላት፤ አልታጠበችም እንዳይባል።»

አቶ ያረጋል ፊታቸውን አጥቁረው አፈሰሱ። ሦስት ጊዜ። ከድጄ በጥፍሮቿ ሥር ሳይቀር አሸች።

«ታጥባለች?» አለች ዓለምዘውድ።

«ታጥባለች» አሉ አቶ ያረጋል።

«ቀቢኝ» አሉ አቶ ካሳሁን፣ አገጫቸውን አቅርበው።

ከድጄ ከጣሳው በማንኪያ የወጣላትን በጣቷ ወስዳ ቀባቻቸው። አቶ ካሳሁን ፈገግ አሉ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ «ኧረ በማርያም!» ብለው ከወንበሩ ተነሡ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ መሐረባቸውን ፈለጉ፣ በመሐረቡ ሲፈትጉት ባሰባቸው።

«ኡሚ አራት ዓመቷ ነው» አለች ከድጄ በእርጋታ። «እሷም እንዲህ ነው ያለችው።»

ዓለምዘውድ በሳሙና አጠበቻቸው። ከዚያ ከድጄ በተቀቀለ ስንጥር ላይ ጥጥ ጠቅልላ፣ ጣቷን ሳታስነካ፣ ያንኑ ቅባት ቀባቻቸው። አላቃጠላቸውም። አቶ ካሳሁን ሳቁ፤ «ጎበዝ ነሽ» አሉ። እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ደስ የሚል ታሪክ ነበር።

ሰውዬው ቢሮ ገብተው ሪፖርት ጻፉና ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠሯት። «ከክሱ ነጻ ነሽ። እዚህ ላይ ፈርሚ።»

ዓለምዘውድ አነበበች። ቅባቱ ንጹሕ እንደሆነ፣ ማንኪያውም እንደሚቀቀል ተጽፏል። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፤ «ችግሩ የደረሰው የአካባቢው ሴቶች የንጽሕና ጉድለት ስላለባቸውና እጃቸውን እንዲታጠቡ የተሰጣቸውን ትእዛዝ ስለማይፈጽሙ ነው።»

እንግዲህ ይህን ምን ትሉታላችሁ? ውሃውን ያፈሰሱት ሰውዬ እዚያው ተቀምጠዋል! «ታጥባለች» ያሉበት አፍ ገና አልደረቀም። የጻፉት ሰውዬ አገጭ ገና ቀይ ነው።

«ይህን አልፈርምም» አለች።

«ልጄ፣ ነጻ ወጥተሻል» አሉ አቶ ካሳሁን። «ምን ቀረሽ?»

«ይህች መስመር። ሐሰት ናት። እርስዎም አይተዋል፣ አቶ ያረጋልም አይተዋል።»

«የአጻጻፍ ነገር ነው፣ አታክርሪው።»

«የአጻጻፍ ነገር አይደለም፣ ጌታዬ። ይህ ወረቀት ሌላ ክሊኒክ ቢደርስ ‹ታጠቡ› እያሉ ይጮኹባቸዋል። እናቶቹ አምስት ጊዜ ታጥበው ልጆቹን መልሰው ያቃጥሏቸዋል። ‹ውሃ አይበቃም› ብለው ይጻፉ።»

አቶ ካሳሁን ብዕሩን አስቀመጡ። «ደብዳቤ መጥቶልኝ ነው የመጣሁት። ጥፋት አለ ተብሏል፤ ወረቀቱ ላይ አንድ ጥፋተኛ መኖር አለበት። ከእነርሱ ካነሣሁት ማን ላይ ልጣለው?»

አቶ ያረጋል መስኮቱን ተመለከቱ።

«እኔን ይጻፉ» አለች ዓለምዘውድ። «‹በውሃ ታጠቡ› እያልሁ ሁለት ዓመት የተናገርሁት እኔ ነኝ። ቀን ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ትእዛዙ ነው የጎደለው፣ እጃቸው አይደለም።»

ጻፉት። እውነቴን ነው፣ ጻፉት! መስመሯን ሰርዘው፣ «ረዳት ነርሷ ለታካሚዎች ያልተሟላ መመሪያ በመስጠቷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል» ብለው ጻፉና ፈረመች። ቁልፉ ተመለሰላት፣ ሥራዋም ተረፈላት። በደብዳቤ የከሰሷት አቶ ያረጋል ግን «ተሳስቻለሁ» የምትል አንዲት ቃል ከአፋቸው አልወጣችም። ለማንኪያዋ ስንኳ ይቅርታ አልጠየቋትም።

ከድጄ የሆነውን ስትሰማ ወደ ክሊኒኩ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ያጠፋሽው ሳይኖር ለምን ፈረምሽ?»

«አጥፍቻለሁ።»

«እኔም የወጡን ነገር እያወቅሁ አላሰብሁትም። እኔንስ ማን አስፈረመኝ?» አለችና ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ በቁጣ «ያ ሰውዬ ሌላ ጊዜ ሲመጣ ንገሪኝ፣ ሁለቱንም ጉንጩን ነው የምቀባው!» አለች።

ዓለምዘውድ ሪፖርቱ ለሌሎች ክሊኒኮች እስኪላክ ጠበቀች። አልተላከም፤ መዝገብ ቤት ገብቶ እዚያው ቀረ። ስለዚህ በእጇ ጻፈችው፤ በርበሬ የነካ እጅ መጀመሪያ በዘይት ታሽቶ በጨርቅ ይጠረግ፣ ቀጥሎ በሳሙና ይታጠብ፣ ቅባቱ ግን ከዚያም በኋላ ቢሆን ጥጥ በተጠቀለለበት የተቀቀለ ስንጥር ብቻ ይቀባ። አንዱን ቅጂ ለእንሴኖ፣ አንዱን ለቡኢ በአውቶቡስ ሾፌሮች እጅ ላከች። መጋዘኑ ውስጥ ለሴቶቹ ያስተማረችው ከድጄ ናት። ሽፋ በር ላይ አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይት አስቀመጠ፤ ሁለት ቀን ካጉረመረመ በኋላ ቢሆንም። ኡሚ በስንጥር መቀባት በጀመረች በዘጠነኛው ቀን ዳነች።

ዓለምዘውድ በ1965 ዓ.ም. ወደ ትውልድ ከተማዋ ወልቂጤ ተዛወረች። ማስጠንቀቂያው አብሯት ተዛውሯል፤ አዲሱ ኃላፊ ፋይሏን ገልጠው ካነበቡ በኋላ ነው «እንኳን ደኅና መጣሽ» ያሏት። በመጀመሪያው ቀን መሰለች የምትባል የገጠር ሴት ክንዱ ያመረቀዘበት ልጅ ይዛ ገባች። ዓለምዘውድ ውሃውን ጣደች፣ ማንኪያውን ሣህኑ ውስጥ ከተተች። የልጁን ክንድ ሳታይ በፊት የእናትየዋን ሁለት እጆች ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረቻቸው።

«እጅሽ ምን ሲሠራ ሰነበተ?» አለቻት።

«እንሰት ሲፍቅ» አለች መሰለች፣ ጥያቄው ገርሟት።

ዓለምዘውድ ደብተሯን ከፈተች። «ቁጭ በይ» አለቻት፣ «እንዴት እንደሚፋቅ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»